መብራት ላይ ኤን? ኧረ ተዉ!

ዛሬ ፖለቲካ የለም፤ ስለ ማርሽ ነው የማወራው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ የማርመው ስህተት አለ። የራሴ ስህተት።

እንደምታውቁት ከሥራ በኋላና ቅዳሜ እሑድ የሰው ቪትዝ ይዤ ራይድ እሠራለሁ። የመምህር ደመወዝ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ለእናንተ አልነግራችሁም። ባለመኪናው ቁልፉን ሲሰጠኝ አንድ ሕግ አወጣ፦ «መብራት ላይ ስትቆም ኤን አስገባ። ዲ ላይ ፍሬን ይዘህ ከቆምክ ካምቢዮው ይቃጠላል።» እሺ ጋሼ አልኩ። እንጀራዬ ነዋ! ሁለት ዓመት ሙሉ ቀይ ባየሁ ቁጥር ኤን፣ አረንጓዴ ባየሁ ቁጥር ዲ።

አሁን ግን እላለሁ፦ ይሄ ነገር ስህተት ነው። «ሁሉም ሾፌር እንደዚህ ነው የሚያደርገው» የምትሉኝም ተሳስታችኋል።

ልማዱ ከየት መጣ? ከማንዋል። ብዙዎቻችን የሠለጠንነው በማንዋል ነው። ማንዋል ላይ ማርሽ አስገብተህ ፍሪሲዮን ረግጠህ ረጅም ጊዜ ከቆምክ ኩሺኔታው ይለፋል፣ እግርህም ይዝላል። ስለዚህ ፍሪ ማድረግ ትክክል ነው። አሠልጣኙ አልዋሸም። ስህተቱ የእኛ ነው፤ የአንዱን መኪና ሕግ ወስደን ለሌላው አለበስነው።

አብዛኛው አውቶማቲክ ላይ በሞተሩና በካምቢዮው መሃል ያለው ቶርክ ኮንቨርተር የሚባል፣ ዘይት የሞላው ክብ ዕቃ ነው። ክፍል ውስጥ ብንሆን እንዲህ ብዬ አስረዳችሁ ነበር፦ ሁለት ቬንትሌተር ፊት ለፊት አስቀምጡ። አንዱን ብቻ ሶኬት ላይ ሰኩት። በሱ ነፋስ ሁለተኛውም መሽከርከር ይጀምራል። አሁን የሁለተኛውን ክንፍ በእጃችሁ ያዙት። የመጀመሪያው ይቆማል? አይቆምም። የሚፋተግ ብረት አለ? የለም። መኪናው ውስጥ ነፋሱ ዘይት ነው፣ እጃችሁ ደግሞ ፍሬኑ። ቀይ መብራት ላይ ዲ ውስጥ ሆናችሁ ስትቆሙ የሚሆነው ይኸው ነው። መሐንዲሶቹ መኪና መብራት ላይ እንደሚቆም ያውቃሉ እኮ! ለዚያ ነው የሠሩት።

«ታዲያ ጭራሽ ጉዳት የለውም?» ለምትሉ፣ እውነቱን ልናገር። ሞተሩ ዘይቱን ስለሚገፋ ከኤን ይልቅ ዲ ላይ ትንሽ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዘይቱም ትንሽ ይሞቃል። ነዳጅ በተወደደበት ዘመን ትንሽም ትንሽ ናት፣ አልክድም። ግን ሌላውን ወገን ደግሞ ቁጠሩ። ከኤን ወደ ዲ በመለስን ቁጥር ካምቢዮው ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች በዘይት ግፊት ይያያዛሉ። በቀን 20 ጊዜ ብቆም፣ በዓመት 250 ቀን ብሠራ፣ 5,000 ጊዜ ማለት ነው። አንዷ ብቻዋን ምንም አታመጣም። ግን «ካምቢዮ ላድን ነው» ብሎ ያለ ሥራው 5,000 ጊዜ ማሠራት ምን የሚሉት ማዳን ነው?

ይሄም ሁሉ ቀላል ነው። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ሌላ ነገር ነው።

ባለፈው ወር ቸርችል ጎዳና ላይ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ስሄድ መብራት ያዘኝ። እንደ ልማዴ ኤን። አረንጓዴ ሲበራ ከኋላ ክላክስ ተንጫጫ። ዲ ላይ ያለሁ መስሎኝ ፍሬኑን ለቀቅኩ፣ መኪናው ወደ ኋላ ተንሸራተተ። ደንግጬ ነዳጅ ረገጥኩ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናው ግን አልሄደም። ያን ጊዜ እግሬን ከነዳጁ ሳላነሳ ወደ ዲ ሳብኩት። ዘለለ! ከፊቴ ሶፍት የሚሸጥ ልጅ ነበር፤ ከሰባተኛ ክፍል የማይበልጥ። ፍሬኑ ያዘልኝ። ልጁ ኮፈኑን በእጁ መታና አንዴ አይቶኝ ሄደ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አይጠፋኝም። ካምቢዮ ይቀየራል። ልጅ አይቀየርም።

ረጅም ጊዜ የምትቆሙ ከሆነ፣ ለምሳሌ መንገድ ተዘግቶ፣ ፒ አስገቡና የእጅ ፍሬን ያዙ። እሱን አልቃወምም። የምቃወመው ለአንድ ደቂቃ መብራት ነው። ከእንጦጦ ቁልቁል በፍሪ የምትለቁትንማ ምን ልበላችሁ? የሞተሩን መያዝ ታጡና ፍሬኑን ብቻውን ታነዱታላችሁ። የአሁኖቹ መኪኖች ማርሽ ውስጥ ሆነው ቁልቁለት ሲወርዱ፣ እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ከተነሳ፣ ነዳጁን ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ፍሪ ላይ ግን ሞተሩን ላለማጥፋት ይጠጣሉ። ቆጠብኩ እያላችሁ ነው የምታፈሱት። በ2016 ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ይዘውም ኤን የሚያስገቡ አይቻለሁ። ወንድሜ፣ እሱ ላይ የሚቃጠለው የትኛው ካምቢዮ ነው?

አሁን ወደ ስህተቴ። አምና አንዲት የድሮ ተማሪዬ ተሳፍራ «ቲቸር፣ መብራት ላይ ለምንድን ነው ኤን የሚያስገቡት?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። እኔ ግን በዚያው የክፍል ድምፄ «ካምቢዮው እንዳይቃጠል» አልኳት። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ አምስት ደቂቃ ባስብ ኖሮ መልሱን አገኘው ነበር። የባለመኪናውን ወሬ ፊዚክስ አስመስዬ ሸጥኩላት። አሁን እሷም መንዳት ጀምራለች አሉ። ይህን ካየሽ፣ ተሳስቼ ነበር። ይቅርታ።

ባለመኪናውንም ባለፈው ሳምንት አስረዳሁት። «አንተ የኖራ ሰው ነህ፣ በዲፕሎማ ስለ መኪና ታስተምረኛለህ?» አለኝ። ዲፕሎማዬን አላፍርበትም፣ ቬንትሌተሩም ዲግሪ አይጠይቅም። ቁልፌን እቀበላለሁ ካለም መኪናው የሱ ነው። እኔ ግን ነገም ቀይ መብራት ላይ ዲ ውስጥ ነኝ፣ እግሬ ፍሬን ላይ፣ ዓይኔ ሶፍት በሚሸጡት ልጆች ላይ።

የማትስማሙ ኮሜንት ላይ ኑ። ግን «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። ምክንያት ይዛችሁ ኑ፣ ክፍል ውስጥ እንደምላችሁ።