«አርኤንኤ» የተረጨ ድንች ጤናችንን ይጎዳል?

«አርኤንኤ» የሚለው ስም ከኮቪድ 19 ክትባት ወዲህ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም። አሁን ደግሞ በፀረ ተባይ መድኃኒት ላይ መጥቷል። «በእሱ የተረጨ ድንች ብበላ የእኔ ዘረ መል ይለወጥ ይሆን?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድብዎትም። መልሱ ግን አይለወጥም ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ «ሌድፕሮና» የተባለውን የመጀመሪያውን በቅጠል ላይ የሚረጭ የአርኤንኤ ፀረ ተባይ ለሦስት ዓመት መዝግቧል። የታለመው የኮሎራዶ ድንች ጥንዚዛ ለተባለው ተባይ ብቻ ነው። ይህ ጥንዚዛ ከ50 የሚበልጡ የፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮችን የተላመደ ነው። የተረጨውን ቅጠል ሲበላ አርኤንኤው በሴሎቹ ውስጥ ተቆራርጦ አንድ ወሳኝ ፕሮቲን እንዲሠራ የሚያዘውን መልእክት ያጠፋል። ዘረ መሉን ራሱን አይነካም። ጥንዚዛው መብላት ያቆማል፤ በቀናት ውስጥም ይሞታል።

ለሰውስ? በምንበላው ጎመን፣ ሽሮና ሥጋ ሁሉ አርኤንኤ አለ። የጨጓራ አሲድና የምግብ መፍጫ ኢንዛይሞች ይሰባብሩታል። በአፈር ውስጥም ቢሆን ብዙ አይቆይም። በአንጻሩ ማላታይንን የመሳሰሉት የቆዩ መድኃኒቶች የሚያጠቁት የነርቭ ኢንዛይም እኛም አለን። አርሶ አደሩ ሲረጭ ራሱን የሚያዞረው፣ የሚያስመልሰው፣ ዓይኑን የሚያደበዝዘው ለዚህ ነው። በእኛ እምነት ከስሙ ይልቅ ይህ ሊያስፈራን ይገባል።

ይሁንና አዲሱ መድኃኒት የሁሉም ተባይ መፍትሔ አይደለም። አገዳደሉ አዝጋሚ ነው። በላቦራቶሪ ሲፈተን ጥንዚዛው ይህንንም ሊላመድ እንደሚችል ታይቷል፤ ስለዚህ ከሌሎች መከላከያዎች ጋር እየተፈራረቀ ካልተሠራበት ዕድሜው ያጥራል። በ2009 ዓ.ም. ወደ አገራችን ገብቶ በቆሏችንን የፈጀው መጤ ተምች ደግሞ ከአባጨጓሬዎች ወገን ነው። አብዛኞቹ አባጨጓሬዎች አርኤንኤውን በአንጀታቸው ቶሎ ስለሚሰባብሩት ርጭቱ እንደ ጥንዚዛው በቀላሉ አይጥላቸውም።

እናም ነጋዴ «አርኤንኤ ስለሆነ ጉዳት የለውም፤ ለሁሉም ተባይ ይሠራል» ቢልዎ አይቀበሉት። በአገራችን የተመዘገበ መሆኑን፣ ለየትኛው ሰብልና ተባይ እንደተፈቀደ መለያ ጽሑፉ ላይ ያረጋግጡ። ምንም ዓይነት ፀረ ተባይ ሲረጩ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ነፋስን ፊት ለፊት አይግጠሙ። ባዶ ጀሪካኑን ቀዳድደው ከጥቅም ውጭ ያድርጉት እንጂ ውኃም ዘይትም አይቅዱበት።