የማን ዕድሜ ልክ?

ዛሬ የምጽፈው አንዳንድ ወዳጆቼን እንደሚያስቀይም አውቃለሁ። ግን ዝም ብዬ መኖር አልቻልኩም። ተረጋጉ፣ ፖለቲካ አይደለም። ስለዚያች ጥቁር ሳጥን ነው።

ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ታውቋታላችሁ። እንጀራ ልትገዙ ሱቅ ስትገቡ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው አጠገብ፣ ከካሸሩ ጀርባ መደርደሪያ ላይ የምትደረደረውን። «ኬብል መክፈል ቀረ! ኳስ በለው፣ ፊልም በለው፣ የኢትዮጵያ ቻናል በለው፣ አንዴ ከፍለህ ዕድሜ ልክህን ነው።» ሌላ ከተማ የምትኖሩም ስሟ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ሳጥኗ ያው ናት።

አቋሜን ከመጀመሪያው ልናገር። ኬብል ቁረጡ! እኔም ከቆረጥኩ ቆየሁ። ግን በዚያች ሳጥን አትተኩት። የምትሸጡልን ወገኖችም፣ በፈጠራችሁ፣ ለእናቶቻችን መሸጥ አቁሙ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ብቻዋን ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ደውላ «ልጄ፣ ቴሌቪዥኑ ታሟል፣ ይዞርበታል» አለችኝ። ሄጄ ሳይ እውነትም ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ምንም አይመጣም።

«እማዬ፣ ይሄን ማን ሸጠልሽ?»

«ያ ልጅ ነዋ፣ የሱቁ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ቤት ድረስ መጥቶ ሰካልኝ።»

«ስንት ከፈልሽው?»

«አንዴ ነው፣ ለዘላለም ነው አለኝ» ብላ ዞር አለች። ዋጋውን ያወጣችው ቡናው ሦስተኛ ከደረሰ በኋላ ነው። 280 ዶላር። በካሽ። ከጡረታዋ።

ለልጁ ደወልኩለት። በጣም ትሁት ነው፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ ይለኛል። «ሰርቨሩ ተቀይሯል ወንድሜ፣ አሁን የሚሠራው አዲሱ ሳጥን ነው። ለእናታችን ስለሆነ በ150 እሰጥሃለሁ።»

«ዕድሜ ልክ ብለሃት አልነበር?»

«ዕድሜ ልክ ማለት እኮ የሳጥኑ ዕድሜ ነው።»

ሳጥኑ የኖረው ስምንት ወር ነው። 280ን ለስምንት አካፍሉት፤ በወር 35 ዶላር። «ነጻ» ማለት ይሄ ነው።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን ቀጥሎ ያገኘሁት ነው። ሳጥኗን ነቅዬ የቴሌቪዥኑን ሪሞት ፈለግኩ። መሳቢያ ውስጥ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል። አንድ ቁልፍ ስጫን ምን ቢመጣ ጥሩ ነው? ሮኩ! ቴሌቪዥኑ ከፋብሪካው ሮኩ ውስጡ ያለው ነው። ዩቲዩብ አለው፣ ሁሉም አለው። እናቴ 280 ዶላር የከፈለችው ቤቷ ውስጥ ለነበረ ነገር ነው። ልጁ ሳጥኗን ሲሰካ ይሄን አላየም ብሎ የሚከራከረኝ ካለ ይምጣ።

«የኢትዮጵያ ቻናልስ?» ትሉኛላችሁ። ሳጥኗ የምትሸጠው በዚህ ስም ነውና እንነጋገርበት። እናቶቻችን የሚያዩት ምንድነው? ዜና፣ ድራማ፣ የሰይፉ ፕሮግራም፣ መዝሙር፣ ስብከት፣ የበዓል ሥርጭት። ኢቢኤስ ዩቲዩብ ላይ አለ። ፋና አለ። አርትስ አለ። የቤተ ክርስቲያን ቻናሎች አሉ። ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው በነጻ የጫኑት። ዩቲዩብ ላይ ስታዩት ማስታወቂያው ያሰለቻል፣ እውነት ነው፣ ግን ከዚያ ማስታወቂያ ለሠራው ሰው የሆነች ነገር ትደርሰዋለች። በሳጥኗ ስታዩት ለተዋናዩም፣ ለካሜራማኑም፣ ለጣቢያውም ሰባራ ሳንቲም አትደርስም። የአገራችን ኪነ ጥበብ ሞተ ብለን እዚሁ ፌስቡክ ላይ ስናለቅስ እንውላለን፤ ማታ ቤታችን ገብተን የተሰረቀውን እናያለን። ለነጻ ነገር 280 ዶላር መክፈል፣ ያውም ለሌላ ሰው፣ ይሄን ምን ትሉታላችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ፍርሃቴ ልምጣ። ገንዘቡ ይቅር፣ ሳጥኗ ቤት ውስጥ ምን ትሠራለች?

በጁን 2025 ኤፍቢአይ ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ባድቦክስ 2.0 ስለሚባል ነገር ነው። ርካሽና ስማቸው የማይታወቅ የአንድሮይድ ሳጥኖች፣ አንዳንዶቹ ገና ከፋብሪካ ሲወጡ፣ ሌሎቹ ስትከፍቷቸው በምታወርዱት አፕ በኩል፣ በተንኮል ሶፍትዌር ተበክለው ተገኙ። በቀጣዩ ወር ጉግል ኒውዮርክ ፍርድ ቤት ክስ ሲያቀርብ የተበከሉትን ዕቃዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው አለ።

የተበከለው ሳጥን ምን ያደርጋል? በቀላሉ ላስረዳ። የቤታችሁ ኢንተርኔት አድራሻ አለው፣ ልክ እንደ ቤት ቁጥር። ሳጥኗ ያንን አድራሻ ለማታውቁት ሰው ታከራየዋለች። ሰውየው የትም ሆኖ ሲያጭበረብር፣ የሰው አካውንት ሲሰብር፣ የሐሰት ማስታወቂያ ሲጫን፣ ዱካው የሚያደርሰው ወደ እናትህ ሳሎን ነው። እናትህ ድራማዋን እያየች ቡናዋን ትጠጣለች፣ ሳጥኗ ደግሞ ለሌባ በር ትከፍታለች። በዚያው ዋይፋይ ላይ ስልኳ አለ፣ አንተ ልትጠይቃት ስትሄድ የባንክ ሥራህን የምትሠራበት ላፕቶፕም አለ።

ሁሉም ሳጥን ተበክሏል አላልኩም። ግን የተበከለው ካልተበከለው በዓይን አይለይም። ኤፍቢአይ የዘረዘራቸውን የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ተመልከቱና ሱቁን አስታውሱ፦ «የተከፈተ ነው፣ ሁሉንም በነጻ ያሳያል» ተብሎ መሸጥ፣ ስሙ የማይታወቅ ምርት መሆን፣ ከማይታወቅ ቦታ አፕ አውርድ ማለት፣ የጉግልን መከላከያ አጥፋ ማለት። ልጁ እናቴ ቤት መጥቶ የሠራው ምን ሌላ ነው?

አሁን መልስ እንደምትሰጡኝ አውቃለሁ። «የኬብል ኩባንያዎቹስ ሌባ አይደሉም ወይ?» ናቸው ብል ደስ ይለኛል! የእኔ የመጨረሻ ቢል 190 ዶላር አካባቢ ነበር። ስመዘገብ የነገሩኝ ግማሹን ነው። የሳጥን ኪራይ፣ የሪሞት፣ የሎካል ቻናል ክፍያ፣ ዓይቼው የማላውቀው የስፖርት ቻናል ክፍያ። ልሰርዝ ስደውል አርባ ደቂቃ አስጠብቀው ሌላ ፓኬጅ ሊሸጡልኝ ሞከሩ። ስለዚህ ሳጥኗን የገዛውን ሰው አልወቅስም። ማንም ሰው እንደዚያ ከተዘረፈ በኋላ «አንዴ ክፈል» ሲሉት ጆሮው ይቆማል። የምወቅሰው ያንን ምሬት አይቶ የሚነግድበትን ነው።

«ሮኩና አማዞንስ አይሰልሉንም?» ይሰልላሉ እንጂ። ቪዚዮ የሚባለው የቴሌቪዥን ኩባንያ ሰው የሚያየውን ሳያስፈቅድ ሲመዘግብ ተይዞ በ2017 2.2 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ልዩነቱ ይሄ ነው፦ ቪዚዮን የሚከስ አካል ተገኘ። የጥቁሯን ሳጥን አምራች ማን ይከሰዋል? የት አግኝቶ?

እሺ፣ ታዲያ ምን እንግዛ?

መጀመሪያ ምንም አትግዙ። የቤታችሁን ቴሌቪዥን ሪሞት አንሱና ተመልከቱ። በቅርብ ዓመታት የተገዛ ከሆነ ዩቲዩብ ውስጡ የመኖሩ ዕድል ትልቅ ነው። ካለ ጨርሳችኋል።

ከሌለ፣ ወይም ቴሌቪዥኑ አርጅቶ የሚንቀራፈፍ ከሆነ፣ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ከትልቅ ሱቅ አንድ ትንሽ ዕቃ ግዙ። ለእናትና ለአባት ሮኩ እመርጣለሁ፤ ሪሞቱ ቁልፍ አልበዛበትም፣ ስክሪኑም እንደ ስልክ ስለሆነ ሥዕሉን መጫን ነው። ርካሹ 30 ዶላር አካባቢ ነው። ዎልማርት የሚሸጠው ኦን የሚባለው ባለ ጉግል ቲቪም ርካሽ ነው። የአማዞን ፋየር ስቲክ ይሠራል፣ ግን መክፈቻው ገጽ ላይ የሚሸጥላችሁ ነገር ብዛቱ! አፕል ቲቪ ከሁሉም ንጹሕና ፈጣን ነው፤ ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ ስለሆነ ዩቲዩብ ብቻ ለሚያይ ሰው ብክነት ነው።

ከእነዚህ አንዱንም «ዕድሜ ልክ» ብላችሁ አትግዙ። ጉግልና አማዞን ተጣልተው ከ2018 መጀመሪያ እስከ ጁላይ 2019 የዩቲዩብ አፕ ከፋየር ቲቪ ጠፍቶ ነበር። በ2013 የወጣውን ክሮምካስት ጉግል ራሱ በ2024 ማምረት አቁሟል። እነዚህ ግዙፎች ያልገቡትን የዕድሜ ልክ ቃል የሱቁ ልጅ ከየት አመጣው? ለዚህ ነው ርካሹን ግዙ የምለው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢደክም 30 ዶላር ነው የከሰራችሁት።

አንዱን ኬብል ቆርጣችሁ ሌላ ኬብል ውስጥም አትግቡ። ዩቲዩብ ቲቪ የሚባለው በወር የሚከፈልበት ሌላ ነገር ነው፣ ከነጻው ዩቲዩብ ጋር አታምታቱት። በ2017 ሲጀምር በወር 35 ዶላር ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ 82.99 ገባ። የአሜሪካ ሎካል ዜና ከሆነ የምትፈልጉት አንቴና ግዙ። እዚህ ዲሲ አካባቢ 4፣ 5፣ 7፣ 9 እና 26 በአየር ላይ በነጻ ይመጣሉ። አንቴናውን መስኮት ላይ ለጥፉ፣ ቻናል ፈልግ በሉት፣ አለቀ። ወርሃዊ ክፍያ የለውም።

አንድ ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ሮኩ ስትከፍቱ «አክቲቬት ለማድረግ 100 ዶላር ክፈሉ፣ በዚህ ስልክ ደውሉ» የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ካገኛችሁ አጭበርባሪ ነው። ሮኩ ለማስጀመሪያ አያስከፍልም። የክሬዲት ካርድ ቁጥር ካስገባችሁም ለግዢ ሚስጥር ቁጥር አድርጉበት፣ አለበለዚያ የልጅ ልጅ እየነካካ ፊልም ሲከራይ ቢሉ ለአያት ይመጣል።

መጨረሻ ላይ ለራሴና ለመሰሎቼ አንድ ነገር ልበል፤ ይሄን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝም እሱ ነው።

ያንን ልጅ ስራገም ቆይቼ ማታ አልጋዬ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ ሳጥኗን ከመግዛቷ በፊት ሁለቴ ነግራኛለች። «ልጄ፣ ኬብሉ በዛብኝ፣ ሌላ ነገር አለ ይላሉ፣ እስቲ አንተ እየው።» እኔ ምን አልኳት? «እሺ እማዬ፣ ስመጣ አያለሁ።» አልመጣሁም። ከእሷ ቤት ሃያ አምስት ደቂቃ ነው የምኖረው። ሥራዬ ከጠዋት እስከ ማታ ኮምፒውተር ላይ ነው። የሱቁ ልጅ ግን መጣ። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ሰካላት፣ ቡናም ጠጣ፣ እናቴ አለኝ። 280 ዶላሩን የሸጠላት ሳጥን ብቻ አልነበረም። እኔ ያልሰጠኋትን አንድ ሰዓት ጨምሮ ነው።

በየቤታችን ያለው ታሪክ ይሄ ይመስለኛል። ኢንጂነር ነን፣ አይቲ ነን እንላለን፤ እናቶቻችንን ግን የሚያገለግላቸው ካሸሩ ጋ ያለው ልጅ ነው። ስለዚህ ነጋዴውን ብቻ ሰድበን አንገላገልም።

በዚህ ቅዳሜ ሂዱ። ሳጥኗ ካለች ንቀሏት፣ የዋይፋዩን ፓስዎርድ ቀይሩ። ዩቲዩቡን ክፈቱ፣ የምትወዳቸውን ቻናሎች ሰብስክራይብ አድርጉላት። ሪሞቱ ላይ የምትጫነውን ቁልፍ በባለቀለም ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ሪሞቱን ለእሷ ስጡና እጃችሁን ሰብስቡ። ራሷ ትክፈት፣ ትሳሳት፣ ደግማ ትክፈት። እናቴን ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶባታል። አሁን እኔን ነው የምታስተምረኝ፤ ባለፈው ደውላ «ዩቲዩቡ ላይ ደግሞ የድሮ ዘፈን አለ፣ አታውቅም እንዴ?» አለችኝ።

ሳጥን ሻጭ የሆናችሁ ወገኖች፣ ኮሜንት ላይ መጥታችሁ ልትሰድቡኝ ትችላላችሁ። ከስድቡ በፊት ግን አንዲት ጥያቄ መልሱልኝ፦ ያቺን ሳጥን የገዛ እናታችሁ ቤት ሰክታችኋታል?

ሳጥን የያዘ ዘመድ ያላችሁ ሼር አድርጉት። የሌላችሁም ደውሉና ጠይቁ፤ ላይነግሯችሁ ይችላሉና ሦስተኛው ቡና እስኪደርስ ጠብቁ።