በእህል ስለ መጫወት

«በእህል አይቀለድም» አለኝ ወዳጄ።

ከደሴ ለጉዳይ መጥቶ ቤቴ ያደረ ዕለት ነው። ማለዳ ተነሥቶ ወደ ማድ ቤት ብቅ ሲል፣ በመክተፊያ ላይ ግማሽ እንጀራ ዘርግቼ፣ ያደረ ወፍራም ሽሮ ቀብቼ፣ እንደ ሰሌን ጠቅልዬ፣ በስለታም ቢላ ስቆራርጥ አገኘኝ። ቁራጩ በጎኑ ሲቆም የውስጡ ሽሮ ክብ በክብ እየዞረ ይታያል፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ቁርጥ። ከሥሩ የተቀቀለ ካሮት ሲነጠፍለት አካል ያወጣል፤ ሁለት የፎሶሊያ ስንጣሪ ከፊቱ ሲሰካለት ቀንድ ያበቅላል። እንዲህ ያሉ አራት ቀንድ አውጣዎች በልጄ ምሳ ዕቃ ውስጥ ደርድሬ ክዳኑን ልገጥም ስል ነው ወዳጄ ያን ቃል የተናገረው። በቁጣ ቢሆን ኖሮ በሳቅ አልፈው ነበር። ድምፁ ግን ያዘነ ሰው ድምፅ ስለነበረ ዝም አልሁ።

ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ስመለስ ክርክሩ ተጀመረ፤ እርሱ ወደ ደሴ እስኪሳፈር ድረስም አላለቀም። ግጥምና ልብ ወለድ የለመደ አንባቢ «ደግሞ የምሳ ዕቃ ምን አመጣው?» ይል ይሆናል። ጥቂት ይታገሠኝ።

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሁለተኛ ክፍል ናት። በትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ገደማ ምሳ ዕቃዋ እንደ ሄደ ይመለስ ጀመር። ሽሮ ፍትፍት ከሄደ ሽሮ ፍትፍት ይመለሳል፤ ምስር ከሄደም ምስር። ባዶውን የሚመጣው ፓስታ የሄደ ቀን ብቻ ነው። አሟት ይሆን ብለን ሠጋን። ሦስት ቀን ስንጠይቃት ዝም ብላ፣ በአራተኛው ቀን የጫማዋን ክር እየፈታች፣ ፊቷን ሳታነሣ «ሽሮ የድሃ ምግብ ነው ይሉኛል» አለች። እነማን ናቸው የሚሉሽ? ሁሉም። ክዳኑን ስትከፍት አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ለመምህርትሽ አልነገርሽም? ነግራለች። መምህርቷም «በቃ ለነገ እማዬ ሌላ ነገር ትሥራልሽ» ብላ አጽናንታታለች።

የዚያን ዕለት ማታ እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ሽሮ! ከሥራ ደክሞን ስንገባ ሽታው ከደጅ የሚቀበለን፣ ጾሙን የምንይዝበት፣ የወር መጨረሻ ላይ ሁላችንን እኩል የሚያደርገን ሽሮ! ከልጆቹ ሳቅ ይልቅ ያንገበገበኝ የመምህርቷ ማጽናኛ ነው። ልጅ ይስቃል፤ ያለ ነው። አዋቂዋ ግን ሳቁን ፍርድ አደረገችው።

በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የአክስቴ ልጅ፣ ልጇ እንጀራ ይዞ ትምህርት ቤት መሄድ እንቢ ማለቱን ከዓመታት በፊት በስልክ ስታጫውተኝ፣ «ምን ታደርጊዋለሽ፤ የሰው አገር ነው» ብያት ነበር። እዚያ እንጀራ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ደግሞ አፍጥጠው ያዩታል፣ ይሥቁበታል። አዲስ አበባ ላይ ጤፍ እንግዳ ሲሆን ግን የሰው አገር የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።

ባለቤቴ ለፓስታው እጅ እንስጥ አለች። እኔ ደግሞ አንድ ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ጤፍ ክብር ንግግር አደረግሁላት። አዛጋች። እውነትም የሚያስዛጋ ንግግር ነበር።

ሌላውን መንገድ ያገኘሁት ከአያቴ ምጣድ ሥር ነው። አያቴ በሚጋግሩበት ቀን እኛ የልጅ ልጆቻቸው፣ ጭሱ ዐይናችንን እያቃጠለው፣ ከማድ ቤቱ ደጃፍ አንጠፋም ነበር። የምንጠብቀው ትልቁን እንጀራ አይደለም፤ ሊጡ ሲያልቅ ተጠራርጎ የሚጋገረውን፣ መዳፍ የምታህለውን እንጎቻ ነው። አያቴ እንጎቻዋን ሲያሰፉ እጃቸው ይጫወት ነበር። ለአንዱ ጆሮ ያወጡለታል፣ ለሌላው ጅራት ይቀጥሉለታል፤ ሊጡ ካነሰ ደግሞ «ይቺ ጨረቃ ናት፤ ግማሿን ጅብ በልቷታል» ብለው ያቀብላሉ። ሊጡ ያው ሊጥ፣ እርሾውም ያው እርሾ ነበረ። ነገር ግን እንጎቻዋ ከትልቁ እንጀራ የተለየች ትጣፍጠን ነበር፤ የየራሳችን ስለነበረች።

እንግዲህ ወዳጄን እጠይቀዋለሁ፤ አያቴ በእህል የቀለዱ ሴት ነበሩን? የወደቀ ቁራሽ አንሥተው ስመው የሚያስቀምጡ ሰው ነበሩ። በቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ደጅ ለሚመጡ ልጆች ሙልሙል የሚሰጠው ለምንድን ነው? አንድ ትልቅ ድፎ ጋግሮ እየቆረሱ ማደል ይቻል አልነበረምን? ልጅ በእጁ ልክ የተበጀ፣ ከማንም ጋር የማይካፈለው ዳቦ እንዲይዝ ነው እንጂ። በአምባሻ ገጽ ላይ የሚቀረጸው ጌጥ የማንን ሆድ ይሞላል? በሶ ሲጨበጥስ? የእናት ጣቶች እንደ ማኅተም ታትመውበት እኮ ነው ስንቅ የሚሆነው። ቋንቋችንም ከምጣዳችን አላነሰም። ያልወለደችንን የእንጀራ እናት፣ ሥራችንን እንጀራ፣ ዕጣ ፈንታችንን እህል ውሃ እያልን በእህል ስንጫወት የኖርን ሰዎች ነን። ደግሞም በእኛ አገር ጨዋታ ማለት ወግ ማለት ነው፤ «ተጫወት እንጂ» የምንለው ዝም ያለውን እንግዳ ነው። እኔም ከቤት ርቃ ስምንት ሰዓት ከምትውለው ልጄ ጋር በምሳ ሰዓት መጫወት ፈለግሁ። ሌላ ምሥጢር የለውም።

ስለዚህም የምሳ ዕቃው ነገር ቤታችን ከሚወደው እየተቀዳ ይሠራ ጀመር። እናቴ የምትወደው ቅንጬ ነው፤ በሲኒ ተጠቅጥቆ ሲገለበጥ ጎጆ ይሆናል፣ ልጄም «የእማማ ቤት» ብላ ሰይማዋለች። ባለቤቴ ድንች አልጫ ትወዳለች፤ ግማሽ ድንች ተደፍቶ አራት የካሮት እግር ሲገባለት ኤሊ ነው፤ ኤሊው ሁልጊዜ ይዘገያል፣ በመጨረሻ ይበላል። እኔ በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ልጄ ደግሞ የቴሌቪዥኗን ቀጭኔ፣ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ፀሐይ ትወዳለች። እንጀራ ተቆርጦ አንገት ሲሆን ዐይኖቹ የቀጭኔ ነቁጥ ይመስላሉ፤ ይህን ያየችው እርሷ እንጂ እኔ አይደለሁም። ቀጭኔዋ በሽሮ ላይ የቆመች ዕለት ከክዳኑ ሥር ይህችን ጽፌ አስገባሁላት፤

ቀጭኔዬ ረዝማ ሽሮ ላይ ቆማለች፣
አንገቷን ካልበላሽ ዝቅ መች ትላለች?

ቅኔ አይደለም፤ ሁለተኛ ክፍል ግን ይነበባል።

ወዳጄን ተከራክሬ ስጨርስ ደግሞ ደጋፊዎቼን ላስቀይም። በየስልኩ የሚዘዋወረው የልጆች ምሳ ሥዕል፣ እኔ ከምለው ጋር አንድ ሊቆጠርብኝ አልፈልግም። ጃፓኖች ቤንቶ በሚሉት የምሳ ሣጥናቸው ውስጥ ሩዝና የባሕር አረማቸውን ድብና ድመት፣ የፊልም ገጸ ባሕርይም አስመስለው የሚያሰናዱበት ኪያራቤን የተባለ ጥበብ አላቸው። ከገዛ ቤታቸው እህል የወጣ ነውና አይገርመኝም። የሚገርመኝ የእኛው ነው፤ በሰማያዊ ቀለም የተነከረ ሩዝ፣ በኮከብ ቅርጽ የተቆረጠ የታሸገ ሥጋ፣ በስንጥር የተወጋጋ ሳንድዊች፣ ልጁ ተረቱን የማያውቀው የሩቅ አገር ልዕልት። እናቲቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታ ትደክምበታለች፣ ፎቶ ታነሣዋለች፤ ልጁ የሚበላው ከፎቶው የተረፈውን ነው።

አን አሊሰን የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ልጇን በጃፓን መዋዕለ ሕፃናት አስገብታ ከኖረች በኋላ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ የሚያምር የምሳ ሣጥን እናትንም ልጅንም የሚገራ የሥርዓት መሣሪያ ነው ስትል ተከራክራለች። ልጅ ሣጥኑን ጠርጎ በመብላት ይታዘዛል፤ እናት በሣጥኑ ውበት ትመዘናለች። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቢላዬን አስቀምጬ አሰብሁ። ልክ ናት። ጨዋታ ግዴታ የሆነ ዕለት፣ በሴቶቻችን ጫንቃ ላይ አንድ ቀንበር ጨመርን ማለት ነው። ስለዚህ በቤታችን የሚጠቀልለውና የሚቆርጠው አባት ነው፤ ዐሥር ደቂቃ ካለፈ ፍትፍቱ ያለ ቅርጽ ይሄዳል፤ ፎቶ የለም። «ሽሮውን ማን ሠራው?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ እንደሆነ ግን ባለቤቴ ናት፤ ይህን አንቀጽ አንብባ ስቃለች፤ ሳቋም ሙሉ በሙሉ ደስ የሚል አልነበረም።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። የእንጎቻውን ነገር በዝምታ ካዳመጠኝ በኋላ እንዲህ አለኝ፤ «አያትህ እኮ ከማንም አልደበቁም። አንተ ግን የልጅህን ሽሮ ጭምብል አለበስኸው። ሽሮ የድሃ ነው አሏት፤ አንተም ሽሮ አይደለም፣ ቀንድ አውጣ ነው አልሃቸው። እኔ ብሆን ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ሽሮ ነው እላቸዋለሁ።»

ከክርክሩ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። መልሴን አሁንም አልተውሁም፤ ጭምብል ፊትን ይሸፍናል፣ በቀንድ አውጣው ግን ሽሮው ከእንጀራው መካከል እየዞረ ለሁሉም ይታያል፣ ይሸታልም። ልጄን «ምንድን ነው?» ሲሏት «ሽሮ» ብላ እንድትመልስ ነግሬያታለሁ፤ ቅርጹ ጥያቄውን ያመጣል፣ መልሱ የእርሷ ነው። ትምህርት ቤቱም ሄጃለሁ። በትሕትና ተቀበሉኝ፣ በትሕትናም ሸኙኝ።

«ለዚያ ትሕትና ስንት ትከፍላለህ?» አለኝ ወዳጄ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በአንድ ላይ እንደሚመገቡ ያውቃል። «ከአንድ ድስት በሚበላበት ቦታ ማን በማን ሽሮ ይስቃል? ገንዘብ አውጥተህ ኀፍረት ገዛህላት፤ አሁን በካሮት ልታስወጣው ትደክማለህ።» ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከዚያ ነው ስለ 1977 የነገረኝ። ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ አንድም ቀን አንሥቶት አያውቅም። ያን ዓመት ወሎ ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረ። ማታ ማታ እናቱ አንዲት እፍኝ ቆሎ በሰፌድ ላይ አፍስሳ እርሱንና ሁለት እኅቶቹን ትሰበስባለች። ይህች ፍሬ በሬ ናት፣ ይህች ላም፣ ይህች ጊደር ትላለች፤ የሞቱባቸውን ከብቶች በየስማቸው እየጠራች። እነርሱም ስሙን ያወቀ እየበላ፣ ፍሬዋን አንድ በአንድ ያነሣሉ። እንዲያ ሲሉ እፍኟ ቆሎ እስከ መኝታ ድረስ ትቆያለች።

«ታዲያ እናትህም ተጫውታለች» ልለው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ያ ጨዋታ አልነበረም» አለ። «እንዳናለቅስ ማታለሏ ነው። አንተ ስትቆርጥ ሳይህ እርሷ ትዝ አለችኝ፤ በሙሉ ሌማት ላይ ለምን ያንን ታደርጋለህ ብዬ ነው የተናደድሁት።»

በርግጥ የእኔ ሌማት ሙሉ ነው። በዚያው ሌማት ላይ የተነሣ ምግብ ለሁለት ወር ያህል ሳይነካ እየተመለሰ ቆሻሻ ውስጥ ሲደፋ ግን፣ በእህል መቀለድ የሚባለው የትኛው እንደሆነ ወዳጄን መጠየቄን አልተውም። የተደፋው ሽሮ ቅርጽ አልነበረውም፤ ጨዋታም አልነበረበትም። በሥርዓት ተሠርቶ፣ በሥርዓት ተጭኖ ሄዶ፣ በኀፍረት ተመልሶ የተደፋ ነው። እናቱ ፍሬዋን በስም የጠራችው ልጆቿ ቀስ ብለው እንዲበሉ ከሆነ፣ እኔ ቀንድ የማወጣለት ልጄ ከነጭራሹ እንድትበላ ነው። ሁለቱ እኩል ናቸው አልልም፤ ዝምድና የላቸውም ብሎ እንዲክደኝ ግን አልፈቅድለትም። በአውቶቡስ ተራ ስንለያይ ይህንኑ ነገርሁት። «ሻንጣዬን አቀብለኝ» አለኝ።

ከሄደ ሁለት ሳምንት ሆነው። ትናንት ማለዳ መክተፊያውን አውጥቼ እንጀራ ስዘረጋ ልጄ የደንብ ልብሷን እየቆለፈች መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«አባዬ፣ ዛሬ ቀንድ አውጣ አትሥራ።»

«ምነው? ሣቁብሽ?»

«አይ። ስትቆራርጠው እስከ ምሳ ሰዓት ይደርቃል። ዝም ብለህ ሽሮ አድርግልኝ።»

ፍትፍት አድርጌ፣ ክዳኑን ገጥሜ ሰጠኋት። ማታ ስከፍተው ጥግ ላይ የቀረች አንዲት የካሮት ቁራጭ ነበረች፤ ካሮት ድሮም አትወድም።