የቴስታታ ጓርኒሲዮን በልክ ይሸጥ

ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከተስፋፋ ወዲህ፣ «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ» የሚለው አቤቱታ ለመለዋወጫ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ባለመኪናው መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩም በዕቃው ያሳብባል። ዳሩ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዕቃው በዋጋ ብቻ ሲመረጥ ነው።

ቱርቦ በጭሱ ኃይል እየዞረ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደር ስለሚያስገባ፣ በውስጡ የሚነሣው ግፊት እጅግ ያይላል፤ ቴስታታውንም ከብሎኩ ለማላቀቅ ይታገላል። ስለዚህ ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ብዙዎቹ የሞተር ሠሪዎች ስስ የብረት ንጣፎች የተደራረቡበትን ጓርኒሲዮን መርጠዋል።

ይሁን እንጂ ብረት መሆኑ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በብዙ የናፍጣ ሞተሮች የጓርኒሲዮኑ ውፍረት በየደረጃው ነው፤ ይኸውም በጠርዙ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ወይም ጥርሶች ይታወቃል። የሚመረጠውም ፒስቶኑ ከብሎኩ ገጽ ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተለክቶ ነው። ከልኩ የቀጠነው ቢገባ ፒስቶኑ ከላይ ካለው ጋር ሊጋጭ ይችላል፤ የወፈረው ቢገባ ደግሞ እመቃው ይደክማል፣ ሞተሩም በብርድ ጊዜ አልነሣ ይላል። ቴስታታው ተጣሞ ሳይላግ ቢታሰር፣ ወይም አንድ ጊዜ ተለጥጠው የሚጠብቁ ብሎኖች ዳግመኛ ቢታሰሩ፣ ምርጡም ዕቃ አይበረክትም። አዲስ አበባን በመሰለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ስፍራ ደግሞ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ፣ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የማይዝ ከሆነ ሙቀቱ አዲሱንም ያቃጥለዋል።

«ደንበኛው ርካሹን ከጠየቀ ነጋዴው ምን ያድርግ?» የሚል አይጠፋም። መልሱ ቀላል ነው፤ ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ የሚያጠፋው ቀን፣ በሁለት ጓርኒሲዮኖች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት እጅግ የከበደ ነው። ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ አስቀድሞ የሞተሩን ቁጥርና የአሮጌውን ጓርኒሲዮን ምልክት ይጠይቅ፤ ብሎኖቹን አብሮ ያቅርብ፤ የዕቃውን ሥሪትና ደረጃ በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ልኩ ያልታወቀውንም «ይሆናል» ብሎ ከመሸጥ ይልቅ «ተለክቶ ይምጣ» ብሎ ይመልስ። ገዥው ለዚያች ሰዓት ቅር ቢለውም፣ ሞተሩ በደኅና ሲሠራ ወደዚያው ሱቅ መመለሱ አይቀርም።