ባዶ ወንበርና የአደራ ሹመት

ሕዝብ የመረጠው እንደራሴ ዘመኑ ሳያልቅ ወንበሩን ሲለቅ ወንበሩ የማን ይሆናል? ጥያቄው በመጀመሪያ ሲሰሙት የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ ጉዳይ ይመስላል። አንዱ እንደራሴ በሞት ይለያል፤ ሌላው በሕመም ወይም በቤተ ሰብ ችግር ሥራውን ይተዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወደ ሌላ ሥልጣን ይሻገራል። በየትኛውም ምክንያት ቢሆን በምክር ቤቱ አዳራሽ አንድ ወንበር ባዶ ይሆናል፤ ከወንበሩም ጀርባ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ መራጮች ያለ አፍ ይቀራሉ። ይህን ወንበር የሚሞላው ማነው? የሚሞላውስ በምን ውል ነው? ሥልጣን የሕዝብ ነው የሚለው ቃል እውነት መሆኑና አለመሆኑ ከሚፈተንባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

የዓለም ከተሞች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ ዐይነት አይደለም። በኒው ዮርክ የከተማው ምክር ቤት ወንበር ባዶ ሲሆን ከንቲባው በሦስት ቀን ውስጥ የልዩ ምርጫ ዐዋጅ ያወጣል፤ ወንበሩንም የሚሞላው መራጩ ራሱ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ግን ሹመቱ የከንቲባው ብቻ ነው። በእንግሊዝ አገር ትንንሾቹ የአጥቢያ ምክር ቤቶች ዘንድ ያለው ልማድ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ወንበሩ ባዶ መሆኑ በማስታወቂያ ይገለጻል፤ ዐሥር መራጮች በተወሰነው ቀን ውስጥ ምርጫ ይደረግልን ብለው ከጠየቁ ምርጫ ይደረጋል፤ ጠያቂ ከጠፋ ምክር ቤቱ ራሱ የሚመቸውን ሰው መርጦ ያስገባል።

በእኛም አገር የምርጫ ሕግ እንዲህ ላለው ጊዜ የማሟያ ምርጫ የሚባል ነገር እንዳለ ተማሪዎች ያውቃሉ። እንግዲህ ምርጫ ካለ ሹመት ለምን ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፥ መልሱ ገንዘብና ጊዜ ነው። ለአንድ ወንበር ሲባል የድምፅ መስጫ ጣቢያ ሁሉ ይከፈታል፤ ወረቀት ይታተማል፤ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ያን ሁሉ ወጪ አውጥቶም በእንዲህ ያለ ምርጫ ድምፅ ሊሰጥ የሚወጣው ሰው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ምርጫው እስኪደርስም ወንበሩ ጾሙን ያድራል። ስለዚህ ሹመትን ፈጽሞ አልነቅፍም። የምነቅፈው ሹመቱ መልኩን ለውጦ የምርጫ መንደርደሪያ ሲሆን ነው።

ነገሩን በጥሩ ሁኔታ የምታሳየን በአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ሀገር ከተማ የሆነችው ሲያትል ናት። ይህችን ከተማ የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሠርተው የሚኖሩባት፥ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ባለው በሬኒየር ቫሊ ሰፈርም ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተው ስም ያተረፉባት ከተማ ናት። ከእነርሱም መካከል ዜግነት ያገኙት በምርጫዋ ድምፅ ይሰጣሉ። (ከዚህ በታች የማነሣቸው የሲያትልና የሳን ፍራንሲስኮ ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የሲያትል ምክር ቤት ዘጠኝ እንደራሴዎች አሉት። ከ2015 ምርጫ ጀምሮ ሰባቱ በየወረዳቸው ይመረጣሉ፤ ሁለቱን ግን መላው ከተማ ይመርጣቸዋል። ከዘጠኙ አንዱ ሥራውን ሲለቅ የከተማዋ ቻርተር ተተኪውን የመሾም ሥልጣን የሰጠው ለቀሩት እንደራሴዎች ነው። በሃያ ቀን ውስጥ መሾም ካልቻሉ አንድ ሰው የሚበቃውን ድምፅ እስኪያገኝ ድረስ በየሥራው ቀን ተሰብስበው ድምፅ እንዲሰጡ ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ተሿሚው ወንበሩ ላይ የሚቈየው በሚቀጥለው ጠቅላላ ምርጫ ሕዝቡ ሌላ ሰው እስኪመርጥ ድረስ ብቻ ነው። ሕጉ በዚህ ያበቃል። ተሿሚው በዚያ ምርጫ ይወዳደር ወይስ አይወዳደር አይልም። ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የተናገረው ልማድ ነበር።

ልማዱም ይህን ይመስል ነበር። በ2015 ጆን ኦካሞቶ ተሾሙ፤ ጥቂት ወራት አገለገሉ፤ ለምርጫው ሳይቀርቡ ወንበሩን አስረከቡ። በ2017 ከንቲባው ሥልጣናቸውን በመልቀቃቸው በተፈጠረው መሸጋሸግ ከርስተን ሃሪስ ታሊ ተሾሙ፤ በወንበሩ ላይ የተቀመጡት 51 ቀን ብቻ ነው። በ2019 ደግሞ ኤብል ፓቼኮ በሚያዝያ አካባቢ ገብተው በኅዳር ወጡ። ሦስቱም ወንበሩን ጠበቁት እንጂ የራሳቸው አላደረጉትም። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለው ሰው ስም አለው፤ ባላደራ ይባላል።

በ2024 መጀመሪያ ላይ ይህ ልማድ ተቋረጠ። መላው ከተማ ከሚመርጣቸው ከሁለቱ እንደራሴዎች አንዷ የነበሩት ቴሬሳ ሞስኬዳ ወደ ኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት ተመርጠው ሄዱ። ለባዶው ወንበር ከ70 በላይ ሰዎች አመለከቱ፤ ከእነርሱም ስምንቱ ለመጨረሻው ዙር ቀረቡ። ስምንቱ እንደራሴዎች ድምፅ ሲሰጡ ታንያ ዉ በአምስት ድምፅ ተሾሙ። እኒህ ሴት በቻይናውያን ሰፈር ሌሊት ሌሊት የሰፈር ጥበቃ ያስተባበሩ፥ በበጎ ፈቃድ ሥራ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ከሹመቱ ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ በኅዳር 2023 በሁለተኛው ወረዳ ተወዳድረው በጥቂት መቶ ድምፅ ተሸንፈው ነበር። አንድ ወረዳ በምርጫ ያልሰጣቸውን ወንበር አምስት እንደራሴዎች በሹመት ሰጧቸው፤ የተሰጣቸውም የመላው ከተማ ወንበር ነበር። በዚያው ዓመት በኅዳር ወንበሩን ለማጽናት ተወዳደሩ። ሕዝቡም ከመቶ 58 በሚሆን ድምፅ አሌክሲስ መርሴዲስ ሪንክን መረጠ።

ታዲያ ሕዝቡ ካረመው ምን ጕዳት ደረሰ የሚል ይኖራል። ጕዳቱ ሦስት ዐይነት ነው።

አንደኛው የሚደርሰው በሌሎቹ ዕጩዎች ላይ ነው። ወንበር ላይ ያለ ሰው ስሙ በየቀኑ ይነሣል፤ ጋዜጠኛ ይጠይቀዋል፤ ማኅበራት ይጋብዙታል። ሌላው ዕጩ በራሱ ገንዘብና ጕልበት የሚፈልገውን ዝና ተሿሚው ከከተማው ደመወዝ እየተከፈለው ያገኘዋል። አንዳንዴ ቢሸነፍም ሩጫው ከአንድ መሥመር አልተጀመረም።

ሁለተኛው የሚደርሰው በሹመቱ ሸንጎ ላይ ነው። ተሿሚው ነገ የሚወዳደር ከሆነ ሿሚዎቹ ድምፅ ሲሰጡ “ለእነዚህ ወራት ሥራውን ማን ይችለዋል?” ብለው አይጠይቁም፤ “ለመጪዎቹ ዓመታት ከእኛ ጋር የሚቆም ማነው?” ብለው ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ሹመቱ ወንበር መሙላት መሆኑ ይቀርና ጥቂት ሰዎች በሕዝቡ ፈንታ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ ይሆናል።

ሦስተኛው የሚደርሰው በተሿሚው በራሱ ላይ ነው። ለወንበሩ ውለታ ያለበት ሰው የሿሚዎቹን ሐሳብ ሲደግፍ ውለታ መላሽ ይባላል፤ ሲቃወም ደግሞ ውለታ ቢስ ይባላል። ንጹሕ ኅሊና ቢኖረው እንኳ የሚያምነው ጥቂት ነው።

የሚቀርብብኝን መከራከሪያ አላጣሁትም። “ለምርጫ የማይቀርብ ሰው መራጩን አይፈራም፤ የማይፈራ ደግሞ አይሠራም” ይባላል። ነገሩ በከፊል እውነት ነው፤ ከዳኝነት ውጭ የሆነ ሰው ሊሰንፍ ይችላል። ሆኖም የሃሪስ ታሊን 51 ቀን እንመልከት። የገቡት በበጀት ክርክር መካከል ነበር፤ በትልልቅ ድርጅቶች ላይ ግብር ተጥሎ ገንዘቡ ቤት ለሌላቸው ሰዎች እንዲውል ከተከራከሩት አንዷ ሆኑ፤ ሐሳባቸው በጠባብ ልዩነት ወደቀ። ሐሳባቸውን መውደድና አለመውደድ ሌላ ነገር ነው፤ ባላደራ ማለት ግን ዝም ብሎ ወንበር የሚያሞቅ ማለት እንዳልሆነ አሳይተዋል። እንዲያውም ነገ ድምፅ የማይለምን ሰው ዛሬ የሚመስለውን ለመናገር ነጻ ነው።

ሌላም መከራከሪያ አለ፤ “የመመረጥ መብትን ማን ይከለክላል?” የሚል ነው። እኔም በሕግ ይከልከል አላልሁም። እንደራሴዎቹ ከመሾማቸው በፊት አመልካቹን በአደባባይ፥ ሕዝብና ጋዜጠኛ በተገኙበት፥ “በመጪው ምርጫ ለዚህ ወንበር ትወዳደራለህን?” ብለው ይጠይቁት ነው የምለው። እወዳደራለሁ የሚል ካለ ቃሉን ያክብሩለትና ለምርጫው በሰላም ይሸኙት፤ አልወዳደርም የሚለውን ይሹሙ። ቃሉ በሕግ ባያስርም ሕዝብ የሰማው ቃል ቀላል ገመድ አይደለም። “ሰማይ ሩቅ ነው፤ አደራ ጥብቅ ነው” የሚባለው በከንቱ አይደለም።

ይህም የሚቻል ለመሆኑ ራሷ ሲያትል በዓመቱ ምስክር ሆናለች። በጥር 2025 የሬኒየር ቫሊን ሰፈሮች የሚያጠቃልለው የሁለተኛው ወረዳ እንደራሴ ታሚ ሞራሌስ ሥራቸውን ለቀቁ። በቦታቸው የተሾሙት ማርክ ሰለሞን በኅዳሩ ምርጫ እንደማይወዳደሩ አስቀድመው ቃል ሰጡ፤ ቃላቸውንም ጠበቁ። ምርጫው ክፍት ሆነ፤ የወረዳውም ሕዝብ ኤዲ ሊንን መረጠ። ከዚያ ወረዳ መራጮች መካከል የእኛ ወገኖች የሆኑት፥ የወደዱት ዕጩ አሸነፈም ተሸነፈም፥ ወንበሩ ወደ እነርሱ በንጽሕና መመለሱን አይተዋል።

አንድ ሰው ብቻውን የሚሾምበት መንገድም አደጋው ምን እንደሆነ በዚያው ዓመት ታይቷል። በሳን ፍራንሲስኮ መራጮች በመስከረም 2025 አንድ እንደራሴያቸውን በድምፅ ካወረዱ በኋላ ከንቲባው በኅዳር አንዲት ወጣት ሾሙ። ስለ ተሿሚዋ የቀድሞ የንግድ ሥራ ጥያቄ ተነሣና በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ወንበሩን ለቀቁ፤ በታኅሣሥ ሌላ ሰው መሾም አስፈለገ። አስቀድሞ በአደባባይ ያልተጠየቀ ሰው ከተሾመ በኋላ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ከሹመቱ በፊት ቢመጣ ለሿሚውም ለተሿሚዋም ክብር ነበረ።

ባላደራ የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ለከተማው ምክር ቤት ካሸነፉት አብዛኞቹ ሥራውን ሳይረከቡ በመቅረታቸው ከ1998 እስከ 2000 ዓ.ም. ከተማዋን የመራት በፌዴራሉ መንግሥት የተሾመ ባላደራ አስተዳደር ነበር። ያ የመላ ከተማ ነገር በመሆኑ ከአንድ ወንበር ጋር የሚመዛዘን አይደለም፤ ክርክሩም ብዙ ነው። እዚህ ያነሣሁት ቃሉ ራሱ ስለሚያስተምር ነው። ባላደራ ሁለት ነገር አለበት፤ የተቀበለውን ሳያጐድል መጠበቅ፥ ባለቤቱ በመጣ ጊዜ ደግሞ ሳያንገራግር መመለስ። አንዱ ያለ ሌላው አደራ አይባልም።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ ከምታነቡት መካከል ብዙዎቻችሁ ገና ተማሪዎች ናችሁ፤ የቀራችሁትም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመራችሁ ናችሁ። የሲያትል ወንበር ለእኛ ምናችን ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ከእናንተ መካከል በተጠባባቂነት ወይም በውክልና በሌላ ሰው ወንበር የማይቀመጥ ጥቂት ነው። የክፍል ኀላፊው ለትምህርት ይሄዳል፤ ዋናው ሹም ይዛወራል፤ “እስከዚያው አንተ ያዘው” ይባላል። “እስከዚያው” የምትለዋ ትንሽ ቃል ያን ጊዜ የሰውን ጠባይ ትፈትናለች። “ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል” የሚለው ተረት ብዙ ሰው አጥፍቷል፤ ይህ ተረት ወንበርን እንደ ድግስ የሚቈጥር ሰው ተረት ነውና።

ስለዚህ ወጣቱ ሹም ወንበሩን ሲቀበል “የማን ነው?” ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጓደኞቹ ፊት ጮክ ብሎ ይናገር። የሚሾመውም አካል የሚሾመውን ሰው ስለ ችሎታው ብቻ ሳይሆን ስለ አወጣጡም ይጠይቀው። ባዶ ወንበር ባለቤት የሌለው ወንበር አይደለም፤ ባለቤቱ ለጊዜው በአዳራሹ ውስጥ ስላልተገኘ ብቻ ነው። ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩን እንደ ነበረ ሊያገኘው ይገባል።