የኮምፒውተር ዓምድ፦ ለአሮጌ ላፕቶፕ አዲስ ዊንዶውስ

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ከየብሎኩ ደጋግሞ የሚደርሰንን ጥያቄ ነው። ከውጭ ዘመድ ወይም ከእርዳታ ድርጅት የተገኘ ላፕቶፕ ያላቸው ቤተሰቦች ስክሪኑ ላይ ማሽናቸው የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟላም የሚል ማስታወቂያ እያዩ ደንግጠዋል። ተበላሽቷል ወይ? እንጣለው ወይ? ለአዲስ የሚሆን ገንዘብስ ከየት ይምጣ?

ማሽኑ አልተበላሸም። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ለሚመዘገቡ ሰዎች የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አቅርቦ ነበር፤ እሱም ቢሆን ማስታገሻ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ድጋፍ ቆመ ማለት ኮምፒውተሩ ነገ አይነሣም ማለት አይደለም፤ ሌቦች የሚገቡበት አዲስ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍንለት የለም ማለት ነው። ኢንተርኔት ለማያውቅ፣ ልጆች ለሚያጠኑበት ማሽን ይህ ያን ያህል አያስጨንቅም (ቫይረስ በፍላሽም እንደሚገባ ግን አትርሱ)። ኢሜይል ለምትከፍቱበት፣ የጉዳያችሁ ወረቀት ለተቀመጠበት ማሽን ግን ያስጨንቃል።

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ የዲስክ ቦታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙዎቻችን ባለፍን ነበር። የሚያስቀረን ሌላ ነው፦ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የምስጢር ቁልፍ ጠባቂ ክፍልና የፕሮሰሰሩ ዕድሜ። ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። የእናንተን ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያም አባውት የሚለውን ክፈቱ። ኮር አይ5 ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር 6300 ከሆነ 6ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ፣ 10210 ከሆነ ደግሞ 10ኛ ጀነሬሽን ነው። አንዳንዴ ቲፒኤሙ እያለ ባዮስ ላይ ጠፍቶ ይገኛል። ፕሮሰሰሩ አዲስ ሆኖ ማሽኑ ከተከለከለ መጀመሪያ ይህን አስፈትሹ።

መስፈርቱን ባላሟላ ማሽን ላይም ዊንዶውስ 11 መጫን ይቻላል። ሩፈስ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የመጫኛ ፍላሽ ሲያዘጋጅ የቲፒኤሙን ፍተሻ የሚያስቀር ምርጫ አለው። ገበያ ውስጥ «እኔ እጭንላችኋለሁ» የሚሉት ልጆች አንዱ ዘዴያቸው ይኸው ነው፤ አስማት የለበትም፣ ዋጋውም እንደ አስማት መሆን የለበትም። ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ማሽን አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው እትም ደግሞ እንደ ኮር 2 ዱዎ ባሉ በጣም አሮጌ ፕሮሰሰሮች ላይ ጨርሶ አይነሣም። እዚያ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ።

እኛ ይበልጥ የምንፈራው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረውን ፍላሽ ነው። የመጫኛው ፋይል ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ለማውረድ ካርድ ይበላል፤ ስለዚህ ሁሉም ከሰው ይገለብጣል። ማን እንደነካካው በማይታወቅ ኮፒ ውስጥ ግን የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ተሸሽጎ ሊመጣ ይችላል። አንድ የታመነ ሰው ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አውርዶ ለብሎኩ ቢያዳርስ አይሻልም?

ቴክኒሻኑ «ፎርማት ላድርገው» ሲል ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል ማለቱ ነው። የልደትና የጋብቻ ወረቀት ስካን፣ የትምህርት ማስረጃ፣ አገር ቤት የቀሩ ሰዎች ፎቶ፣ ሁሉም። አስቀድማችሁ ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡ፤ አንዱ ቤት፣ አንዱ የምታምኑት ዘመድ ዘንድ ይቀመጥ። ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍታችሁ ሳታዩ ማሽኑን ለማንም አትስጡ።

የእኛን አስተያየት ከጠየቃችሁን፣ 6ኛ ወይም 7ኛ ጀነሬሽንና 8 ጊጋ ራም ላለው ማሽን ዊንዶውስ 11 ቢሞከር አይከፋም። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ግን ሊኑክስ ሚንት ይሻለዋል፤ በተለይ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀለል ያለው ዓይነት። ነፃ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 22ኛው እትም እስከ 2029 ድረስ ድጋፍ አለው። ምንም ሳታጠፉ ከፍላሽ አስነሥታችሁ መሞከርም ትችላላችሁ። የዎርድ ፋይል የሚከፍተው ሊብረ ኦፊስ አብሮት ይመጣል፤ አልፎ አልፎ የገጹ አቀማመጥ ይዛባል እንጂ ይነበባል። አማርኛ በፓወር ግዕዝ መጻፍ የለመደ ሰው ግን ይቸገራል፤ ያ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ሌላ የአማርኛ ኪቦርድ መልመድ ይኖርበታል። በድሮ የቪዥዋል ግዕዝ ፊደል የተጻፈ ሰነድ ካላችሁም የፊደሉን ፋይል አብራችሁ ገልብጡ፤ አለዚያ የምታዩት የተዘበራረቀ ምልክት ነው።

ማሽኑ የሚያስቸግራችሁ በመዘግየቱ ብቻ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ መቀየሩ ብቻውን አይፈውሰውም። ያቺን ገንዘብ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ ለመለወጥ አውሏት፤ ልዩነቱ ገና ሲነሣ ይታያችኋል።

በሚቀጥለው እትማችን ሊኑክስ ሚንትን ከፍላሽ እንዴት እንደምናስነሣ ደረጃ በደረጃ እናያለን። እስከዚያው ቸር እንሰንብት።