የሣር ማጨጃ መኪና አልነሣም ባለ ጊዜ

የክረምቱ ዝናም መጣል ሲጀምር የግቢው ሣር በጥቂት ቀን ይረዝማል፤ ከኅዳር ጀምሮ በዕቃ ቤት ጥግ የከረመው የማጨጃ መኪና ግን ወጥቶ ገመዱ ሲሳብ ድምፁን አያሰማም። አትክልተኛው ክንዱ እስኪዝል ድረስ ይስባል፤ የቤቱ ጌታ በሰገነት ቆሞ ይመለከታል፤ ጥቂት ቈይቶም አንዱ «መኪናው አርጅቷል» ሲል ሌላው «ይህ ሰው አበላሽቶት ነው» ይላል። ነገሩ በየዓመቱ የሚደጋገም ከመሆኑም በላይ የሠራተኛን ስምና ደመወዝ የሚነካ ስለ ሆነ፣ በዚህ ዐምድ ልንጽፍበት ወደድን።

የሣር ማጨጃ መኪናን በመጀመሪያ የፈለሰፈው ኤድዊን በዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ዘመኑም በአውሮፓ አቈጣጠር 1830 ዓ.ም. ነበር። የእርሱ መኪና በሰው እጅ የሚገፋ ስለ ነበረ ቤንዚን አይጠይቅም፤ የዛሬዎቹ ባለሞተሮች ችግር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤንዚኑና ቤንዚኑን ከአየር ጋር ከሚያቀላቅለው ካርቡራተር ይመጣል። በካርቡራተሩ ሥር ከቡና ስኒ የማይበልጥ ጽዋ አለ። በጽዋው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቤንዚኑ በልኩ ሲሞላ ከፍ ብሎ መግቢያውን በመርፌ ይደፍናል፤ ሲጎድልም ዝቅ ብሎ ይከፍታል። ሞተሩ የሚስበው አየር በጠባብ አንገት ሲያልፍ ስለሚፈጥን፣ ቤንዚኑን ከጽዋው በአንዲት ቀጭን የነሐስ ቀዳዳ በኩል ስቦ እንደ ጉም ይበትነዋል። ቀዳዳይቱ ከስፌት መርፌ ውፍረት አትበልጥም፤ እርስዋ የተደፈነች እንደ ሆነ የቀረው ብረት ሁሉ ደኅና ቢሆንም መኪናው አይነሣም።

የምትደፈንበትም ምክንያት ግልጽ ነው። ቤንዚን እንደ ማር ቢያስቀምጡት የሚቈይ ነገር አይደለም። ቀላሉና ቶሎ የሚነደው ክፍል በንኖ ይሄዳል፤ የቀረው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ እየጠቈረ በጽዋው ግርጌ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። በአገራችን ሣር የሚታጨደው በክረምትና በጥቢ ስለ ሆነ፣ መኪናው እኩሌታውን ዓመት ያህል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ኤታኖል የሚባለው አልኮል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ የአየሩን እርጥበት ስለሚስብ የባሰ ነው።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ ከሰልባትዮው ጥቂት ቤንዚን በንጹሕ ብርጭቆ ቀድቶ ለጥቂት ጊዜ ማስቀመጥ ይገባል። ውኃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይታያል፤ የከረመ ከሆነም ቀለሙ ጠቍሮ ሽታው እንደ አሮጌ ቀለም ይሆናል። በምናውቀው አንድ ቤት አትክልተኛው «ቤንዚኑን ሽጦ ውኃ ሞላበት» ተብሎ ከደመወዙ ሊቈረጥበት ተቃርቦ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን የሰልባትዮው ክዳን ተሰንጥቆ ተገኘ፤ መኪናው የቆመውም ከጣራው ጠፈጠፍ ሥር ነበር። ውኃውን ያገባው ዝናሙ እንጂ ሰውየው አልነበረም። በአንድ ብርጭቆና በክዳኑ ምርመራ የሚታወቀውን ነገር ሳያዩ በድኻ ላይ መፍረድ ምን ያህል እንደሚያሳዝን አንባቢ ይመልከተው።

ቤንዚኑ አዲስና ንጹሕ ሆኖ መኪናው እንቢ ካለ፣ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው፤ ካንዴላ የማይዋሽ ምስክር ነውና። ብዙ ጊዜ ገመዱ ተስቦ ሳለ ጫፉ ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ ከሞተሩ አልደረሰም፤ የቤንዚን መክፈቻው፣ ቱቦው ወይም ያችው ቀዳዳ ተዘግታለች። በቤንዚን ርሶ ከወጣ ግን የአየር መዝጊያው ሳይመለስ ገመዱ ብዙ ጊዜ ተስቧል፤ ካንዴላውን አድርቆ ጥቂት መታገሥ ይበቃል። ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ እየደከመ የሚጠፋ መኪናም አለ። የዚህን ጊዜ የሰልባትዮውን ክዳን ላላ አድርጎ መሞከር ነው፤ በዚህ የሚስተካከል ከሆነ በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በዐፈር ተደፍናለች ማለት ነው። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚያቃስት እንደ ሆነ ደግሞ የነሐሷ ቀዳዳ በከፊል ተዘግታ ቤንዚኑ አንሶታል።

ጥቍር ጭስ የሚያወጣ ሲሆን ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ቤንዚኑ በዝቶ አየሩ አንሷል። አስቀድሞ የአየሩን ፊልትሮ ከደረቅ ሣርና ከአቧራ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ታጥቦ ይደርቃል፤ ወረቀት ከሆነ ይለወጣል እንጂ አይታጠብም። ነገር ግን ፊልትሮው ንጹሕ ሆኖ ጭሱ የማይለቅበት ቤት ብዙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ የአየርዋም ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ብቻ ነው። ለቈላ አገር የተለካ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ በሳሳው አየር ላይ ቤንዚን ያበዛል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። ለዚህ ፋብሪካዎች ቀዳዳዋ ጠበብ ያለች ልዋጭ ስለሚሠሩ፣ መኪና ሲገዛ ስለ ደጋ አገር መጠየቅ ገንዘብ ያድናል።

ጽዋውን ፈትቶ ማጽዳት ከባድ አይደለም፤ በብዙዎቹ ሞተሮች ከሥር በአንድ ብሎን የተያዘ ነው። ሙጫው በንጹሕ ቤንዚንና በጨርቅ ይታጠባል፤ ተንሳፋፊውም ተነቅንቆ በውስጡ ፈሳሽ ቢሰማ ተበስቷልና ይለወጥ። ቀዳዳዋን ግን በብረት ሽቦ መውጋት ክልክል ነው፤ በአንድ ጊዜ ስሕተት ትሰፋና ሞተሩ ለዘለቄታው ቤንዚን ይበላል። ከመብራት ገመድ የተመዘዘ አንድ ቀጭን የመዳብ ክር ወይም የአየር ንፋስ ይበቃታል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞተሩ በርዶ፣ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ፣ በደጅ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ይሄዳልና፣ ከሰል ተያይዞ ቡና በሚፈላበት በረንዳ አጠገብ ቤንዚን አይቀዳ፤ ልጆችም ይራቁ። መኪናውን ለማጋደል ሲያስፈልግ ካርቡራተሩ ወደ ላይ ይሁን። ሞተሩንም በዕቃ ቤት ውስጥ አስነሥቶ መሞከር አይገባም፤ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለበትና ሰው ይገድላል።

በኅዳር ሥራው ሲያልቅ ሰልባትዮው ይራገፍ፤ መኪናውም በጽዋው የቀረውን ጨርሶ ራሱ እስኪጠፋ ድረስ ይሥራ። ይህ የተደረገለት መኪና በሰኔ ብዙ አያስቸግርም። ሁሉ ተሞክሮ ያልሆነ እንደ ሆነ ግን ወደ ባለሙያ ይላክ፤ ሲላክም የካንዴላው መልክ፣ የጭሱ ቀለምና የተሞከረው ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ አብሮ ይሂድ፤ የተለወጠው አሮጌ ዕቃም ከሒሳቡ ጋር ለባለቤቱ ይመለስ።